የዶክተር ክንዱ የንስሐ ልጆች

በእስቴና በስማዳ መካከል ዶክተር ክንዱን የማያውቅ ሰው የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እሱ ያላዋለዳት እናት ብትኖር እህቷን አዋልዷል፤ እህቷን ባያዋልድ የጎረቤቷን ትርፍ አንጀት አውጥቷል። ቁመቱ አጠር፣ ነጭ ጋዋኑ ረዘም፣ አረማመዱ ፈጠን ያለ ሰው ነው። በገበያ ቀን ሰላምታው መንገድ ስለሚዘጋበት ከቤቱ ቀደም ብሎ ይወጣል ይባላል። ቀደም ብሎ የሚወጣው ሰላምታው እንዲበዛለት ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ።

የሚሠራበት ሆስፒታል ስሙ ይቆየን። ትንሽ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁራል። አንድ የኦፕራሲዮን ክፍል አለው። በዚያ ክፍል ውስጥ እናትን በኦፕራሲዮን ማዋለድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ክንዱ ነው። ወጣት ሐኪሞች መጥተው ሄደዋል፣ ሌሎች መጥተው እነሱም ሄደዋል፤ ቢላው ግን ከክንዱ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ወጣቶቹ ከማዶ ቆመው፣ ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን ብረት ክንዳቸው እስኪዝል ይጎትታሉ። ደፍሮ "እኔስ መቼ ነው የምሠራው?" ያለ እንደሆነ ክንዱ ቀና ሳይል "ጊዜው ሲደርስ" ይለዋል። ጊዜው ሳይደርስ የዝውውሩ ደብዳቤ ይደርሳል።

እሱን ራሱን ያስተማሩት ሽማግሌ ሐኪም ገና በሁለተኛው ሳምንት ቢላውን አስጨብጠውት፣ ከማዶ ቆመው "በል ቀጥል፣ አለሁልህ" ይሉት ነበር። ይህን ክንዱ ለሰው ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። እሱ ሲያወራ ሁሉን ነገር ብቻውን፣ በመከራና በመጽሐፍ ነው የተማረው። ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሣ እሱም ሳያምነው አልቀረም።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ከበላይ አካል "ሜንተርሺፕ" የሚባል መመሪያ መጣ። ለእያንዳንዱ አዲስ ባለሙያ አንድ ነባር ባለሙያ ይመደብለት፤ ነባሩ አዲሱን በሥራውም በኑሮውም ይከታተለው፤ በየሳምንቱ ይገናኙ ይላል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር ሁሉም አነበበው፣ ማንም አልገባውም። አልገባኝም ያለ ግን አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘመኑ ሠራተኛውን ሰብስበው ሊያስረዱ ተነሡ። አቶ ዘመኑ በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው፣ ቅኔ ጀምረው፣ በኋላ ወደ ሒሳብ ሥራ የዞሩ ሰው ናቸው። ያልገባቸውን ነገር በሚገባቸው ነገር የማስረዳት ተሰጥዎ አላቸው።

"ወገኖቼ፣ ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም" አሉ። "ሁላችንም የንስሐ አባት አለን። የንስሐ አባት ምን ያደርጋል? ልጁን ይጠብቃል። ልጁ ያጠፋውን ይነግረዋል፤ አባት ይመክረዋል፣ ቀኖናውን ይሰጠዋል። ሜንተር ማለት ይኸው ነው። ፈረንጅ ስሙን ለወጠው እንጂ ነገሩን ከእኛ ነው የወሰደው።"

ሠራተኛው አጨበጨበ። መቼም በዚህ አገር የንስሐ አባት የሌለው ቤት የለምና ነገሩ ለሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየው። ከኋላ የተቀመጠው ሰመመን ሰጪው አብዱረዛቅ ብቻ እጁን አወጣ።

"አቶ ዘመኑ፣ እኔና ሰሚያ እንኳ የንስሐ አባት የለንም። እኛ እንዴት እንሁን?"

ሰሚያ በዚያው ሰሞን የተቀጠረች ወጣት ሰመመን ሰጪ ናት፤ ለእሱ ነው የተመደበችው። አቶ ዘመኑ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

"እናንተማ እንግዲህ… ምን ይደረጋል፣ እናንተ ሥራውን ብቻ ተማማሩ" አሉ በሐዘኔታ። ሠራተኛውም ዘወር ብሎ ሁለቱን በሐዘኔታ አያቸው።

የቀሩት ወጣቶች፣ ሐኪሙም ነርሱም አዋላጁም፣ ለዶክተር ክንዱ ተሰጡ። ስመ ጥሩ እሱ ነዋ። ክንዱ ገና አርባ ያልሞላው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም "አንተ" የሚለው ሰው ነበር። በነጋታው "እርስዎ" ሆነ። ማንም ያዘዘ የለም፤ የንስሐ አባት አንተ አይባልማ። ክንዱ ለይምሰል "ኧረ ተዉ፣ አይሆንም" አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ወፈር፣ አነጋገሩ ዘግየት አለ። ከመናገሩ በፊት ዓይኑን ጨፈን የማድረግ ልማድም አመጣ።

ዘወትር ዓርብ ከምሳ በኋላ በተረኛ ማረፊያ ክፍል ይቀመጥና ልጆቹ ተራ በተራ ይገባሉ። ከልጆቹ መካከል ዶክተር እሌኒ አለች። የንፋስ መውጫ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን እንደጨረሰች ሌላ ቦታ ሲደርሳት እየለመነች እዚህ የመጣችው፣ እዚህ ብዙ ኦፕራሲዮን ይሠራል ሲባል ሰምታ ነው። መሥራት መማር ትፈልጋለች፤ ሌላ የምትፈልገው ነገር የለም። በመጀመሪያው ዓርብ በጥያቄ ተሞልታ ገባች።

"ዶክተር፣ እናቲቱ ከዚህ በፊት ተቀድዳ ፊኛዋ ከማኅፀኗ ጋር ተጣብቆ ሲገኝ እንዴት ነው የሚለዩት?"

ክንዱ ዓይኑን ጨፈነ። "እሱን ተይውና፣ በዚህ ሳምንት ምን አጠፋሽ?"

እሌኒ ደነገጠች። አሰበች። "ማክሰኞ የአንዲት እናት የደም ግፊት ሳልለካ አልፌያለሁ።"

"ለምን?"

"ረሳሁት።"

ክንዱ ከሆዱ ተነፈሰ። ስለ መርሳት፣ ስለ ሕይወት ክቡርነት፣ እሱ በወጣትነቱ እንዴት ሳይተኛ ያድር እንደነበር ረዘም አድርጎ ከመከራት በኋላ ቀኖናዋን ሰጣት፤ ሁለት እሑድ ተረኛ ሆና ታድራለች። የእሑድ ተረኛው ራሱ ክንዱ ነበር። እሱ የሚሰጠው ቀኖና ምንጊዜም የእሱን ተረኛነት የሚያቃልል ሆኖ መገኘቱ እንግዲህ አጋጣሚ ነው። ልጆቹ እያጠፉ፣ ክንዱ እሑድ እሑድ ቅዳሴ እያስቀደሰ፣ ተጋገዙ።

ነገሩ ሲሰነብት ኃጢአት ማለቅ ጀመረ። ሰው በየሳምንቱ ከየት ያመጣዋል? ጓዴ የሚባል ነርስ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚጠነቀቅ ልጅ። የሚናዘዘው ቢያጣ ያላጠፋውን "አጥፍቻለሁ" ይል ጀመር፤ ባዶ እጁን መግባት ነውር መስሎት ነው። አንዲት አዋላጅ ደግሞ የጓደኞቿን ጥፋት ማምጣት ጀመረች፤ የእሷን ዓርብ ክንዱ በጉጉት ይጠብቀው ነበር። ከልጆቹ አንዱ የማርያምን ዝክር ሲዘክር ክንዱን ከቄሱ ጎን አስቀመጠው። ዳቦው ሲመጣ ክንዱ ሳያስበው ሊባርክ እጁን ዘረጋ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አይተውት፣ "አንተ ደግሞ የየትኛው ደብር ነህ?" አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክንዱም ሳቀ፤ ግን ዳቦው መጀመሪያ ለእሱ ቢደርስ ደስ ይለው ነበር።

ከበላይ አካል ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሁሉን ጠየቁ፤ ስንት ጊዜ ተገናኛችሁ፣ የት ተገናኛችሁ፣ ፎቶ አለ ወይ? ምን ተማራችሁ የሚል አልነበረም። ዓርብ ሳይገናኙ የቀሩበት ጊዜ ስላልነበረ ሆስፒታሉ በምሳሌነት ተጠቀሰ፤ ክንዱም በአዳራሽ ተጠርቶ "ምርጥ ሜንተር" የሚል ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ንግግር አድርግ ሲባል፣ "ምስጢሩ ማዳመጥ ነው" አለ። ብዙ ተጨበጨበለት።

በዚህ ሁሉ መካከል አብዱረዛቅና ሰሚያ፣ እነዚያ ምስኪኖች፣ ሥራውን ብቻ ይማማራሉ። በኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ራስጌ በኩል ሰሚያ የበሽተኛዋን ወገብ በጣቷ እየዳሰሰች መርፌውን ትወጋለች፤ አብዱረዛቅ "ትንሽ ዝቅ፣ እሺ፣ አሁን" ይላታል። ስትሳሳት "እንደገና" ይላታል፤ ስታገኘው ዝም ይላታል። ዓመት ሳይሞላ ሰሚያ ብቻዋን ማደንዘዝ ጀመረች፤ አብዱረዛቅም እቤቱ ተኝቶ ያድራል። በግርጌ በኩል እሌኒ ብረቷን ይዛ ቆማ ይህን ታያለች። አንድ ቀን ለሰሚያ፣ "እኔም የንስሐ አባት ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር" አለቻት። ሰሚያ ሳቀች፤ እሌኒ ግን እየቀለደች አልነበረም።

እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። በዘንድሮው ግንቦት ክንዱ ስንት ዘመን ሲመኘው የኖረውን አገኘ። የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ለመሆን የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ አለፈ፤ ዩኒቨርሲቲው በሐምሌ መጀመሪያ ካልቀረብህ ቦታህን ለቀጣዩ ተፈታኝ እሰጣለሁ አለው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወድቋል፤ አሁን ካመለጠው ደግሞ ሌላ ዕድል ስለማግኘቱ ማንም ዋስ አይሆነውም። ባለቤቱ መቅደስ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ ወሬውን በሰማች ሰሞን ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ ዕቃ ማሰር ጀመረች። ከዚህ ጭቃ ልትወጣ ነው፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ሰኔ እንደገባ ክንዱ መልቀቂያ ሊጠይቅ አቶ ዘመኑ ቢሮ ገባ። አቶ ዘመኑ ተነሥተው አቀፉት፣ መረቁት፣ ከዚያ ተቀመጡና አቀረቀሩ።

"ችግር አለ ልጄ። ክረምት ገብቷል። ዝናቡ ወንዙን ሲሞላው፣ ወይ ደግሞ እንደምታውቀው መንገዱ ሲዘጋ፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር የሚባል ነገር የለም። አንተ ከሄድህ እዚህ ማን ቀድዶ ያዋልዳል?"

"ዶክተር እሌኒ አለች" አለ ክንዱ ዓይኑን ሳያሽ።

"ትችላለች?"

"ምን ማለትዎ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ እኔ ነኝ የያዝኳት!"

"እሱማ ምስክር ወረቀትም ወስደህበታል። ስንት እናት አዋለደች?"

ክንዱ ጋዋኑን አስተካከለ። "ብዙ አይታለች" አለ በመጨረሻ።

"አይታለች?"

"በጣም ብዙ።"

አቶ ዘመኑ መነጽራቸውን አወለቁ። "በወሩ መጨረሻ ቦርዱ ይሰበሰባል። እሷ ቀርባ 'እችላለሁ' ካለች፣ አንተም 'ትችላለች' ብለህ ከመሰከርህ፣ ያን ዕለት መልቀቂያህን እፈርማለሁ። ያለዚያ ግን ቦርዱ እሺ አይልም፤ እኔም አልልም።"

ክንዱ ራሱን ይዞ እቤቱ ገባ። መቅደስ ሰሐን በጋዜጣ እየጠቀለለች የሆነውን ሰማች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "ዓርብ ዓርብ ስታናዝዛት ከምትከርም አንድ ቀን እንኳ ቢላ አስጨብጠሃት ቢሆን፣ ዛሬ ዕቃችን መኪና ላይ ነበር።" ክንዱ ከታሰረው ሻንጣ ላይ ቁጭ አለ። ሁልጊዜ "ጊዜው ሲደርስ" የሚለው እሱ ነበር፤ አሁን ጊዜው ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል።

በማግስቱ እሌኒን አስጠራት። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሽ የምትሠሪው" አላት።

እሌኒ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ፊቷ ቀስ ብሎ ጠቆረ። "ምን አጠፋሁ?" አለች።

ይህቺ ጥያቄ ክንዱን የት እንደወጋችው ራሱም አላወቀም። "ምንም አላጠፋሽ" አላት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

የመጀመሪያዋ እናት ጠረጴዛው ላይ ተኛች። እሌኒ ቢላውን ያዘች፤ ገና ቆዳው ላይ ከማሳረፏ ክንዱ "እንዲህ አይደለም!" ብሎ ነጠቃት። መልሶ ሰጣት። መልሶ ነጠቃት። ልጁ ሲወለድ ማን እንዳወጣው በውል አይታወቅም። በሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነ። እጁ እምቢ አለው፤ ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት አልቻለም። ለምን እንደሆነም በደንብ ያውቀዋል፤ ይህቺ ልጅ ከቻለች እሱ ማን ሊሆን ነው? በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሰላምታ ለማን ሊሆን ነው?

ከራስጌ ሆኖ ሁሉን ያየው አብዱረዛቅ፣ ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ጠጋ አለው። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ከሥራ ጓደኞቹ መካከል ክንዱን አሁንም "አንተ" የሚለው እሱ ብቻ ነው።

"ክንዱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? ለሚቀጥለው እጅህን አትታጠብ።"

"እንዴት?"

"ያልታጠበ እጅ እንደሁ አይነካ። ጓንት አታድርግ፣ ሲስተር ዚነት ትርዳት፣ አንተ ከኋላ ቁም። እኔ ሰሚያን ያስተማርኳት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው።"

ክንዱ ተቆጣ። ከዚያ አሰበበት። መቼም ሐምሌ እየመጣ ነው። በሦስተኛዋ እናት እጁን ሳይታጠብ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የታየው። እጁ ሲታሰር መናገር ነበረበት፤ ሲናገር ግን የሚለው አጣ። "እዚያ ጋ… አይደለም፣ እዚህ… እሱን እንዲህ አድርጊው" ይላል።

"እንዲህ ማለት እንዴት ነው?" አለች እሌኒ ቀና ሳትል።

"እንዲህ ነዋ!" አለና ባዶ እጁን አየር ላይ አወዛወዘ። እሌኒ ጀርባዋን የሰጠችው ሰው ሲወዛወዝ ልታይ አትችልም። ምርጡ ሜንተር፣ ያ ዓርብ ዓርብ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሕይወት ክቡርነት የሚያወርደው ሰው፣ ሥራውን በአፉ መናገር አያውቅም። አምና ተዛውራ የመጣችው የኦፕራሲዮን ነርስ፣ ሲስተር ዚነት፣ ጭምብሏ ውስጥ ሳቋን ዋጠች። ክንዱ አፈረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ አፈረ።

ከዚያ በኋላ እቤቱ እየገባ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አሁን እንኳ ለይምሰል አይደለም፣ እጁ የሚሠራውን በቃል ሊናገር ይለማመድ ጀመር። መቅደስ በታሠሩ ዕቃዎች መካከል ቆሞ ለራሱ ሲያወራ እያገኘችው ታልፋለች። ቃሉ ቀስ በቀስ መጣ። "መጀመሪያ ፊኛውን አሳይኝ። የቱ ነው? ደህና፣ ወደ ታች ግፊው። አሁን ጣትሽ ምን ይሰማዋል? ቸኮልሽ፤ ተንፍሺ። በይ ቀጥይ፣ አለሁልሽ።" ያቺን የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጣት እሱ ያውቃል።

እሌኒም ደረቅ ጨርቅ ውሃ እንደሚጠጣ ጠጣችው። ሁለት ዓመት ከማዶ ቆማ ያየችው ሁሉ አሁን ትርጉም አገኘ። እጇ ከእሱ እጅ ይልቅ ቀስ ይላል፣ ግን አይንቀጠቀጥም። አንድ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክንዱ አንድ ቃል ሳይናገር ጨረሰችው። ሕፃኗ ስታለቅስ ክንዱ ከኋላ ቆሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በገዛ እጁ ያን ሁሉ ሲያዋልድ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቶት አያውቅም፤ በጣም ገረመው። ወዲያው ደግሞ ሐምሌ ትዝ አለውና ሌላ ደስታ ተጨመረ። ሁለቱ ደስታዎች ተቀላቅለውበት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልፈለገም።

ቦርዱ ሊሰበሰብ ጥቂት ሲቀረው ዓለሚቱ የምትባል እናት ከገጠር በቃሬዛ መጣች። ምጡ ውሎ አድሮባታል። እሌኒ ቀደደች፤ ክንዱ እጁን ሳይታጠብ ከኋላ ቆመ። ልጁ በሰላም ወጣ። እንግዴ ልጁም ወጣ። ከዚያ ግን የደከመው ማኅፀን አልኮማተር አለ፤ ደሙ እንደ ምንጭ መጣ። ሰሚያ ከራስጌ "ግፊቷ እየወረደ ነው!" አለች። ክንዱ የሚናገረው ቃል ጠፋው። ሮጦ ታጠበ፣ ጓንት አጠለቀ፣ እሌኒን በትከሻው ገፋ አድርጎ ገባ፣ ጨመቀ፣ ሰፋ፣ አሠረ። ደሙ ቆመ። ዓለሚቱ ተረፈች። ቃሬዛውን ተሸክመው የመጡት ሰዎች ክንዱን እግሩን ሊስሙ ወደቁ፤ እሱም "ተነሡ፣ ተነሡ" እያለ ቀስ ብሎ አነሣቸው። ሰላምታው ናፍቆት ነበር። እሌኒን ምን እንዳየች አልጠየቃትም።

የቦርዱ ቀን ደረሰ። መልቀቂያው እንደማይቀር ስለታወቀ የስንብቱ በግ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ታስሯል፤ ድምፁ በመስኮት ይገባል። አቶ ዘመኑ አሉ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ አበባው አሉ፤ ሌሎችም። ክንዱ ከነጋ ጀምሮ ፈገግ እንዳለ ነው። እሌኒ ከፊታቸው ተቀመጠች።

"እንግዲህ ዶክተር እሌኒ" አሉ አቶ አበባው፣ "የመጣነው ለአንድ ጥያቄ ነው። ዶክተር ክንዱ ነገ ቢሄድ፣ ብቻሽን ትችያለሽ?"

እሌኒ ክንዱን አየችው። ክንዱ አይዞሽ በሚል ራሱን ነቀነቀላት። በጉ ከውጭ ጮኸ።

"ማዋለዱን እችላለሁ" አለች። "ደሙን ግን አልችልም።"

"የምን ደም?"

"የዓለሚቱ ዕለት።" ድምጿ ቀጠነ። "ዶክተር ገብተው ሲይዙት፣ እኔ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ቆሞ ነበር። ሌላ ሴት እንዲህ ብትሆን፣ መንገዱም ተዘግቶ ቢሆን፣ በእጄ ላይ ትሞታለች። ዶክተር እንዲያልፍላቸው ፈልጌ ልዋሽ ነበር የመጣሁት። አልቻልሁም።" ከዚያ አቀርቅራ አለቀሰች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ክንዱ ኃጢአት ሲሰበስብ ኖሯል፤ ያላጠፉትን፣ የሰው ጥፋት፣ የደም ግፊት መርሳት። እውነተኛ ኑዛዜ ሰምቶ የማያውቅ መሆኑን አሁን ነው ያወቀው። አቶ ዘመኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጉም ተገዝቷል፣ ሰውም ተጠርቷል።

"ልጅቱ ትሑት ናት" አሉ። "ትሕትና ደግሞ ያለ ነው። ዶክተር፣ አንተ ነህ የንስሐ አባቷ። 'ትችላለች፣ ፍርሃቷ ነው' ካልኸን ቃልህን እንቀበላለን። ምን ትላለህ?"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት፣ ያቺም ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። መቅደስ እቤት የመጨረሻውን ሻንጣ እየዘጋች ነው። ዩኒቨርሲቲው አይጠብቅም። ክንዱ እንደ ልማዱ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ራሱን ያዘ።

"የንስሐ አባቷ አይደለሁም" አለ። "አስተማሪዋ ነኝ፤ እሱንም ከጀመርሁ ገና ወር አልሞላኝም። እውነቷን ነው። ያን ዕለት ገፍቻት ገባሁ እንጂ አላስተማርኳትም። አትችልም፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።"

አቶ ዘመኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ክንዱ ተነሣ። "በሉ ሥራ አለን" አለና እሌኒን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷም ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች ተከተለችው።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በሚወስደው ኮሪደር ላይ ስልኩ ጮኸ። መቅደስ ናት። ምን ብሎ ያነሣዋል? ቆም ብሎ ወደ እሌኒ ዞረ።

"ዓይንሽን የጨፈንሽው የት ስንደርስ ነው?" አላት።

እሌኒ አሰበች። "እንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ ማኅፀኑ አልኮማተር ሲል።"

"እንግዲያው ከዚያ እንጀምራለን" አለና በሩን ከፈተላት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አሁንም ይጮኻል።